የጋሽ በርሄ ሰባት የግራ ክንፎች

የጋሽ በርሄን ሞት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ብሪክስተን ገበያ ቃሪያ ስመርጥ አንዲት የድሮ የሆሎዌይ ጎረቤቴ አገኘችኝና፣ "ያ ባለ ማሽኑ ሽማግሌ እኮ ዐረፉ፤ አልሰማሽም?" አለችኝ። ቃሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ማልቀስ ሲገባኝ ቀድሞ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። ምን ላድርግ፤ ሰውዬው በዓይነ ሕሊናዬ የመጡት ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ብናኝ ለብሰው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጥቶ፣ በራቸውን በርግደው ሲቆሙ ነው። ለቅሶው ኋላ አውቶቡስ ላይ መጣ፤ ያውም ፎቁ ላይ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ የካውንስል፣ የማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ እኖር ነበር። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ሃርልስደን ካለ አንድ ሱቅ ጨርቅ በከረጢት እያመጣሁ ቤቴ እሰፋለሁ። ከበላዬ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በእንግሊዝ አራት ሰዓት ማለቴ ነው፣ አንድ ቀጭን ጩኸት ይጀምራል። ቁርጥ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ። እኔማ ፈቃድ የሌለው ጥርስ ነቃይ ከላዬ ገብቷል ብዬ አምኜ ነበር። የሚገርመኝ የታካሚዎቹ ጨዋነት ብቻ ነው፤ አንድም ቀን የጮኸ የለም።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰኞ የማስረክበውን ጥቁር የከፋይ ቀሚስ በረንዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። ስመለስ ቀሚሱ በረዶ የወረደበት መስሏል። ባራግፈው አይለቅ፣ በብሩሽ ብመታው ይብሱን ይጣበቃል። ቀና ስል ብናኙ ከአራተኛው ፎቅ መስኮት እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ቀሚሱን በክንዴ አድርጌ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁና በሩን ደበደብኩ። ሲከፈት ከወፍጮ ቤት የወጡ የሚመስሉ ሽማግሌ ቆመዋል። በእንግሊዝኛ አወረድኩባቸው።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ?" አሉኝ በአማርኛ።

ያወቁት በመልኬ አልነበረም። እንግሊዝ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ነው የሚያደርገው ብለው ኋላ ነግረውኛል።

"ነኝ፤ ቢሆንስ?"

"ታዲያ ምናለ በአማርኛ ብትቆጪ?"

"ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ቀሚሱን ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ከብናኙ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹትና እንደ ሊቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የክንፍ ብናኝ ነው" አሉ።

"የምን ክንፍ? ዶሮ ነው የሚያረቡት?"

"የአውሮፕላን።"

ሰውዬው አእምሯቸውን ነክቷቸዋል ብዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ወሰድኩ። እሳቸው ግን ቀሚሱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ኩሽና ገቡ፤ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አጠለቁ፤ ጓንቱን ውኃ ነካ አደረጉና ከፋዩን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያደረጉ ይዳብሱት ጀመር። ብናኙ ጓንቱ ላይ እየተጠቀለለ ለቀቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ አንድም ነጥብ ሳይቀር። ከጨረሱ በኋላ "ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"ጥሩወርቅ።"

"እኔ በርሄ እባላለሁ። ነይ፤ ያስቀየመሽን ላሳይሽ።"

መኝታ ቤት መሆን የነበረበት ክፍል ውስጥ አልጋው በቁሙ ግድግዳ ተደግፏል። በአልጋው ቦታ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አይቼ የማላውቀው ማሽን። ከተጣሉ ፎቶኮፒ ማሽኖች የተፈቱ ሦስት ትንንሽ ሞተሮች እንደ ረጅም ብሎን ያሉ ዘንጎችን ያዞራሉ። ዘንጎቹ በኩሽና መሳቢያ ሐዲድ ላይ የተጫነ አንድ ትንሽ ትራፓኖ፣ ያን የሚጮኸውን መሰርሰሪያ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ይነዳሉ። ጥግ ላይ ሆዱ የተዘረገፈ ኮምፒውተር ተቀምጦ ለሞተሮቹ ትእዛዝ ይሰጣል። ከትራፓኖው ሥር ያለው፣ ሰዎች ቤታቸው እንዳይበርዳቸው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ነጭ ፎም ነው።

"ሲኤንሲ ይባላል" አሉ፣ የልጃቸውን ስም እንደሚናገር አባት። "የክንፉን ቅርጽ በቁጥር እጽፍለታለሁ፤ እሱ ቁጥሩን እያነበበ ይፈለፍለዋል።"

"ይህን ሁሉ ከሚደክሙ በቢላዋ አይቀርጹትም?"

"እጅ ይደክማል፤ እጅ ይኮራል። ጠዋት የሠራውና ከሰዓት የሠራው አይገጥምም። ቁጥር ግን ታዛዥ ነው።"

አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ለንደን ሲገቡ የተገኘላቸው ሥራ የሆስፒታል ቦይለር መጠበቅ ነበር። ሚስታቸው እዚሁ በመጡ በሦስተኛው ዓመት ሞተችባቸው። ከዚያ በኋላ ነው ያን ማሽን የጀመሩት። ሊሠሩት የፈለጉት የድሮዋን ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ነው፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደኔ ቁመት የሚሆን፣ በእውነት የምትበር። "በዚህ ዕድሜዎ?" ስላቸው፣ "ትልልቁን በወጣትነቴ ጨርሻለሁ" ብለው መለሱልኝ።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ጓደኝነት ግን ቀላል አልነበረም። ብናኙ እንዳይበር ከትራፓኖው አጠገብ የአቧራ መምጠጫ ቫኪዩም አፍ ይግጠሙበት ብዬ መከርኳቸው። ምክሩን ወደዱት፤ ቫኪዩም ግን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የኔን ወሰዱ። በሦስተኛው ሳምንት ቫኪዩሜ በፎም ታንቆ ሞተ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የሞተሩን ሬሳ በእጃቸው ይዘው መጡና፣ "የመዳብ ሽቦው ግሩም ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብለውኝ ተመለሱ።

የማይለኩት ነገር የለም። ውፍረት መለኪያ ካሊፐራቸው ከደረት ኪሳቸው አትለይም። ዳቦ ስቆርጥ የሁለቱን ቁራሽ ውፍረት ለክተው የቱ እንደሚበልጥ ይነግሩኛል፤ ትልቁን ግን ሁልጊዜ ለኔ ነው የሚሰጡኝ። አንድ ቀን ቁልፍ ስተክል አይተው ቦታው ትንሽ ተዛንፏል አሉ። "ለባለቤቷ አይታያትም" ስላቸው ተቆጡ። "ሚሊሜትር ዘመድ የላትም! ዛሬ ለአንቺ ብላ ብትስቅ ነገ ታዋርድሻለች።"

"ጨርቅ ይለጠጣል ጋሽ በርሄ። ጨርቅ ይቅር ባይ ነው።"

"ፎም ግን ቂመኛ ነው" አሉ፣ ወደ ጣሪያው በአውራ ጣታቸው እያሳዩ።

አማርኛቸውም አገር ቤት በተዉት ዓመት ላይ እንደቆመ ሰዓት ነው። ካውንስሉን "ቀበሌ" ነው የሚሉት። ኪራይ ጨምሯል ለማለት "ቀበሌያችን አበዛው" ይላሉ፤ ሊፍት ሲበላሽ "ለቀበሌው ደውለሽ አመልክቺልኝ" ይሉኛል። እኔም ለመድኩትና አንድ ቀን ስልክ ላይ ለእንግሊዟ ሠራተኛ "ሄሎ፣ ቀበሌ ነው?" አልኳት።

አሁን ወደ ክንፎቹ ልምጣ።

የግራውን ክንፍ ቁጥሮች ሁለት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ። ፕሮግራሙንም ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሰው፣ ቀኑ ሲያልፍ እያሳደሱ። የመጀመሪያው ክንፍ ሲወጣ ጠሩኝ። እውነት ለመናገር አምሯል፤ ከመሃል ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ እንደ ዓሣ ጀርባ ልስልስ ያለ። ሻይና ብስኩት አድርገን መረቅነው። ከዚያ ለቀኙ ክንፍ ቁጥሮቹን ሁሉ እንደገና ጻፉ፤ አሁን ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት እየጨመሩ። ሌላ ሁለት ወር። ማሽኑን አስነሱት። የወጣው ግራ ክንፍ ነው።

የጻፉት ፕሮግራም መቀነስ አያውቅም። የት ላይ እንደተሳሳቱ ሊያገኙት አልቻሉም። አንድ መስመር ያስተካክላሉ፣ ይቆርጣሉ፤ ግራ። ሌላ ያስተካክላሉ፣ ይቆርጣሉ፤ አሁንም ግራ። አንድ ቀን ወጥቼ ሳይ ሰባት ክንፍ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል።

"ሰባቱም ግራ ናቸው?"

"ሰባቱም" አሉ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው። "አየሽ ጥሩ፣ ከግራ ዘመሞች አምልጬ ለንደን ድረስ መጣሁ፤ ይኸው ግራ ክንፉ መኝታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።"

ሳቄ አምልጦኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ግን ዋጥኩት። አራት ወር ደክመዋል። እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ "ለእጅጌ እኮ አንድ ወረቀት ነው ያለኝ። ለግራው እቆርጥበታለሁ፣ ለቀኙ እገለብጠዋለሁ።"

"ክንፍ እጅጌ አይደለም!" አሉ። "ክንፍ ሆድና ጀርባ አለው። ስትገለብጪው በጀርባው ይተኛል፤ በጀርባው የሚበር አየሽ?" ብለው ስለ ነፋስና ስለ ክንፍ ጀርባ ግማሽ ሰዓት አስተማሩኝ። ማሽኑን እያየሁ ሰለቸኝ።

"እንግዲያውስ ያ ሞተር ወደ ኋላ ይዙር" አልኩ።

"የቱ?"

"ያኛው። ወዲህ የሚወስደው ወዲያ ይውሰደው፤ ሌላው እንዳለ ይሁን። መስተዋት ውስጥ እንደሚታየው አይሆንም?"

ጋሽ በርሄ ሞተሩን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ሞተሩን። ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱና "ሂጂ ወደ ቤትሽ" አሉኝ።

ተቀይሜ ወረድኩ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ በርሄ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው፣ የክርስትና ልጅ እንደሚያመጣ ሰው ቆመዋል። ጥግ ጥጉን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ።

"ወንድ ነው ሴት?" አልኳቸው።

"ቀኝ ነው።"

ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያቀያየሩት። የአምስት ደቂቃ ሥራ። "ታዲያ ምስጋናዬስ?" ብላቸው፣ "ለሰው እንዳታወሪ" አሉኝ። በእሳቸው ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ይኸው አሁን አወራሁባቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የ"ቀበሌው" ደብዳቤ የመጣው። አንድ ጎረቤት ስለ ጩኸቱና ስለ ብናኙ ከሷል፤ ቤት ውስጥ ፋብሪካ ተከፍቷል ብሎ። ሰው መጥቶ ያያል፤ እውነት ከሆነ ማሽኑ ይወጣል ይላል ደብዳቤው። ጋሽ በርሄ ወረቀቱን አንብበው አጣጠፉና ከካሊፐራቸው ጋር ደረት ኪሳቸው ከተቱት። "ምስክር ሁኚኝ" አሉኝ። በቀጠሮው ቀን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ማሽኑን ወልውለው ጠበቁ። የመጣው ሰው ወጣት ነው፤ በእጁ ፋይል ይዟል፤ እሱም ጥቁር ኮት ለብሷል። ስህተቱ ኮቱ ነበር።

"እዚህ ቢዝነስ ይሠራሉ?" ብሎ ጀመረ።

"ቢዝነስ ትርፍ አለው" አሉ ጋሽ በርሄ፣ "ይሄ የለውም።"

"ሥራውን ማየት ይቻላል?"

አስነሱለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ትራፓኖው ፎሙን እየፈለፈለ ሲሄድ ያያል፤ ብናኙ ደግሞ ኮቱ ላይ ይወጣል። ቀና ሲል ከወገቡ በላይ ነጥቷል። በእጁ መታው፤ ባሰበት። ያኔ ጋሽ በርሄ አንድ ቃል ሳይናገሩ የላስቲክ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ውኃ ነካ አደረጉና ልጁን ከትከሻው ጀምረው ያጸዱት ጀመር። እሱ የካውንስሉን ደንብ ከፋይሉ ያነባል፤ እሳቸው "ክንድህን አንሣ" ይሉታል፤ ያነሣል፤ ማንበቡን ይቀጥላል። ጀርባው ላይ ሲደርሱ ዞረላቸው። ሲጨርሱ ልጁ ኮቱን አይቶ፣ ማሽኑን አይቶ፣ መስኮት ከተዘጋ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት መሥራት ይችላሉ ብሎ ጻፈ። እኔ ምስክርነቴን ሳልሰጥ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሲሞላ ክንፍ መሃል ላይ ቢሆኑም ያጠፉታል። "አንድ ደቂቃ ቢጨምሩ ማን ያውቃል?" ስላቸው፣ "እኔ" ይሉኛል።

በግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ።

እዚህ ላይ ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ ራሴ የማፍርበትን መናገር አለብኝ። ለንደን ያለ ሐበሻ በአንድ ሳምንት ለሁለት ተከፈለ። ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች መንገድ መሻገር ጀመሩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የማውቃት ሴት፣ "ከፎቁ ሰውዬሽ ጋር አሁንም ትጫወቻለሽ?" አለችኝ።

"ኧረ ሥራ በዝቶብኛል" አልኳት።

ማንም አላስገደደኝም። ቢላዋ አንገቴ ላይ ያደረገ የለም። እንዲሁ በገዛ አፌ ካድኳቸው። ከዚያ ደግሞ ያልኩትን እውነት ለማድረግ ይመስል አልወጣሁም፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። እሳቸውም አልወረዱም። አራት ሰዓት ይሆናል፤ ከላይ ምንም የለም። ያ የጥርስ ሐኪም ጩኸት ይናፍቀኛል ብሎ ማን ያስብ ነበር። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጣሪያውን እሰማለሁ። ሲራመዱ ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ጣቃ የገበር ጨርቅ ያዝኩና ወጣሁ። ፎሙ ሲነካ እንዳይሰባበር በስስ ገበርና በነጭ ሙጫ ይለበስ ብለን ከጦርነቱ በፊት ተማክረን ነበር። ሰበብ መሆኑ ነው። በሩን ከፈቱ። ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ነጭ ነጥብ የለባቸውም። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"ይግቡ" አሉኝ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። "ምን አሉኝ?"

"ይግቡ፤ ይቀመጡ።"

"ጋሽ በርሄ! እኔን ነው 'እርስዎ' የሚሉኝ?"

"ለሦስት ሳምንት ያልመጣ ሰው እንግዳ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንደ እንግሊዝ። "እንግዳ ደግሞ ይከበራል።"

እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀስኩ። የቤተ ክርስቲያኗን ሴትና የመለስኩላትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳልነግራቸው መግባት አልቻልኩም። ከዚያ ጨርቁን ከእጄ ወስደው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። የእህታቸው ልጅ በኤርትራ በኩል ምሽግ ውስጥ ነው አሉኝ። አዲስ አበባ ያለችው የሚስታቸው እህት ደግሞ ነገ ኤርትራዊት ነሽና ከአገር ውጪ እባል ይሆናል ብላ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ነው የምታድረው። የኔም ታናሽ ወንድም በኢትዮጵያ በኩል ዘምቷል።

"ወንድምሽ ማን ይባላል?" አሉኝ።

"ዳዊት። የእህትዎ ልጅስ?"

"ዮናስ።"

"እግዜር ዮናስን ያውጣልዎ።"

"ዳዊትንም ያውጣልሽ" አሉ። የገበሩን ጨርቅ በካሊፐራቸው ጨበጥ አድርገው ለኩና፣ "ይሄ ወፍራም ነው። ከዚህ የሳሳ የለሽም?" አሉኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ዳዊት ኋላ በደኅና ተመለሰ። ዮናስም ተመለሰ፤ አንድ ዓይኑን ግን እዚያ ትቶ።

ያን ዓመት ክንፎቹን አለበስናቸው። ሙጫውን በውኃ አቅጥነን ገበሩን ስንወጥርበት እኔ አዛዥ፣ እሳቸው ታዛዥ ሆኑ፤ ጨርቅ የኔ አገር ነው። ሙግት የመጣው ጅራቱ ላይ ነው። ድሮ የጠገኗት አውሮፕላን ጅራቷ ላይ ባንዲራ ነበረባት። አሁን የቱ ይቀባ? አንድ የአሥመራ ወዳጃቸው አንዱን ይላል፤ እኔም በሆዴ ሌላውን እላለሁ፤ ደፍሬ ግን አልተናገርኩም። አንድ ቀን ወጥቼ ሳይ ጅራቱ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። የሕንጻችን በሮች ሁሉ የተቀቡበት፣ የካውንስሉ ሰማያዊ። ቀቢዎቹ ደረጃ ሥር ጥለውት ከሄዱት ቆርቆሮ የተረፈ ነው።

"የማን ባንዲራ ነው ይሄ?"

"የቀበሌያችን" አሉ።

በሚያዝያ አንድ እሑድ ጠዋት አውሮፕላኗን በቁርጥራጭ በትልቅ የልብስ ከረጢት ጠቅልለን በባቡር ከከተማ ወጣን። አንድ ሜዳ ላይ ሽማግሌ እንግሊዞች ትንንሽ አውሮፕላን የሚያበሩበት ማኅበር አለ። ገጣጥመን ሣር ላይ ስናቆማት ሁሉም መጥተው ከበቡን። በእጅ የተሠራ መስሏቸዋል። ጋሽ በርሄ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ፎቶኮፒው ሞተር፣ ስለ መሳቢያው ሐዲድ ሲያስረዱ ሰዎቹ ቆባቸውን እያነሡ ራሳቸውን ያካሉ። ከዚያ ሬይ የሚባል አንድ ጡረተኛ፣ "እሺ፣ እስቲ ያብሯት" አላቸው።

ጋሽ በርሄ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸውን አልረሳውም።

"ጥሩ" አሉ፣ "ማብረር እኮ አልችልም።"

አራት ዓመት! ማሽኑን ሠሩ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ሰባት ግራ ክንፍ አከማቹ፤ ማን ያበራታል የሚለው ግን አንድም ቀን ትዝ አላላቸውም። "የጠጋኝ ሐሳብ እስከ በሩ ነው" አሉኝ አፍረው። ሬይ ሳቀና የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ተቀበላቸው።

ሣሩ ላይ እየተንደረደረች ሄደች፤ ዘለል አለች፤ ተነሣች። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ዞር ብዬ ሳያቸው ጋሽ በርሄ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ መሬት አቀርቅረዋል።

"ጋሽ በርሄ፣ ይዩዋት እንጂ!"

"እየሰማኋት ነው። የቀኙ ሞተር ትንሽ ዘግየት ይላል።"

"ይዩዋት!"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቻቸው አላውቅም" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ተበላሽታ ትጠብቀኛለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው በድምፅ የምሸኛቸው።" ከዚያ ቀና አሉ። አፋቸው ተከፈተ። ቆባቸው ወደ ኋላ ወደቀ፤ አላነሡትም። ትንሿ አውሮፕላን ከዛፎቹ በላይ ስትዞር እሳቸውም በቆሙበት አብረዋት ዞሩ። እንዲህ አድርገው ስንት ጊዜ እንደዞሩ አላውቅም፤ በኋላ ራሳቸው ዞሮባቸው ክንዴን ያዙ።

ስትወርድ ነፋስ መታትና እሾሃማ አጥር ውስጥ ገባች። ቀኝ ክንፏ ከመሃሉ ተገመሰ። ሰዎቹ ሁሉ "ኦ!" አሉ። ሬይ መቆጣጠሪያውን ይዞ፣ የሰው ልጅ የጣለ ይመስል ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ለካስ እነሱ አንድ ክንፍ ሲሰበርባቸው ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለው ይቀርጹታል። ጋሽ በርሄ ግን ስብራቱን አንሥተው አገላብጠው አዩና ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

"የተሰበረው ፎሙ ነው" አሉት ሬይን በእንግሊዝኛቸው። "ቁጥሩ ቤት ደኅና ተቀምጧል። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ስጠኝ።"

እንዳሉትም አደረጉት፤ ያን በጋ ብዙ እሑድ እዚያ ሜዳ ላይ ዋሉ። ሬይም ማብረር ሊያስተምራቸው ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ። እኔ ኋላ አግብቼ ወደ ብሪክስተን ተዛወርኩ። ለንደንን ለሁለት የሚከፍለውን ወንዝ መሻገር ቀላል ይመስላል፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ ለፋሲካ፣ ከዚያ በስልክ ብቻ ሆነ። ሰበብ የለኝም። የዚያን ቀን መመለሻችንን ግን አስታውሰዋለሁ።

ባቡሩ ውስጥ ከረጢቱን እግራቸው መሃል አቁመው ተቀመጡና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወድቆ። የምንወርደው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። ባቡሩ ደረሰ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ ሰው ወረደ። አየኋቸው። በሮቹ ተዘጉ። አልቀሰቀስኳቸውም። መጨረሻው ጣቢያ ኪንግስ ክሮስ ላይ ሁሉም ወርዶ ካለቀ በኋላ ራሳቸው ነቁ።

"ፊንስበሪ ፓርክ አለፈ?"

"አለፈ።"

"ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?"

"ደክሞዎት ነበር።"

ባዶውን ባቡር አዩ። ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ። ከረጢቱን አነሡ፤ አንዱን እጀታ ለኔ ሰጡኝ፤ የተሰበረችውን አውሮፕላን በመሃላችን ይዘን አውቶቡስ ልንፈልግ ወጣን። ጣቢያው በር ላይ እጀታውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉት።

"ጥሩ፣ ቀስ በይ" አሉኝ። "እኔ እንደ ድሮዬ አልሮጥም።"

ቀስ አልኩ።